ለአንድ ዘፈን ሁለት ሚዛን

ሁለት ሚዛን የያዘ ነጋዴ ገዢውን እንዲበድል፥ ሁለት ሚዛን የያዘ ጆሮም ዘፋኙን ይበድላል። ወንዱ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ የሴቲቱን ዓይንና አንገት፥ ወገብዋንም ሳይቀር እየዘረዘረ «አንቺ» ሲል፥ ሰሚው «እንዴት ያለ ባለ ቅኔ ነው» ብሎ ይሸልመዋል። ሴቲቱ ግን ክራርዋን አንሥታ ያንኑ ፍቅር «አንተ» ብላ በገለጸች ጊዜ፥ ያው ሰሚ «ዓይን አውጣ» ብሎ ይሰድባታል። ከ«አንቺ» ወደ «አንተ» የተለወጠው የመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው። ነውሩ ከቃሉ ከሆነ ወንዱም ይነቀፍ፤ ከቃሉ ካልሆነ ሴቲቱ ስለ ምን ትነቀፋለች?

«ሴት ስለ ወንድ በአደባባይ መናገር አይገባትም» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ልቅሶ ቤት ደርሰው አያውቁምን? አልቃሽዋ የሟቹን መልክና ጀግንነት በሙሾ ስትደረድር ሽማግሌው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይሰማታል እንጂ «ዝም በዪ» የሚላት የለም። ለሬሳ የተፈቀደ ምስጋና ለሕያው ሰው ሲሆን እንዴት ነውር ይባላል?

በቴአትርም እንዲሁ ሆኖ ነበር። በአገራችን ቴአትር በተጀመረበት ዘመን የሴቲቱን ክፍል የሚጫወቱት የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ወንዱ ሴት መስሎ ሲወጣ ጨዋታ ተባለ፤ ሴቲቱ ራስዋን ሆና ብትወጣ ግን ነውር ተባለ። በኋላ በመድረክም በክራርም የታወቀችው አስናቀች ወርቁ፥ ዘፈንዋ በ2003 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ እትም 16ኛ ሆኖ ወጣ። ዛሬ የእርስዋንና የሜሪ አርምዴን ክራር «ቅርሳችን» የሚል ሰው፥ በሰፈሩ ያለችውን ባለ ክራር ሲሰድብ አያፍርም።

ከመጽሐፍ ምስክር የሚሻ ቢኖር፥ በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 15 የአሮን እኅት ማርያም ከበሮ አንሥታ ዘምራለች። በመኃልየ መኃልይም ሙሽራይቱ ስለ ውድዋ የምትናገረው ሙሽራው ስለ እርስዋ ከሚናገረው አያንስም። ሊቃውንት ነገሩን በምሥጢር ተረጐሙት እንጂ ቃሉን ከሴቲቱ አፍ ነጥቀው ለወንዱ አልሰጡትም።

ይህን ማለት ግን ዘፈን ሁሉ ይመስገን ማለት አይደለም። ወርቁ ጠፍቶ ሰሙ ብቻ የቀረበት፥ ሴቲቱን እንደ ገበያ ዕቃ ገላዋን አሳይቶ ቃልዋን የሚነሣ ዘፈን በዝቷልና ይነቀፍ። ነገር ግን ነቀፋው ገላዋን በሚሸጠው ላይ ይሁን እንጂ ልብዋን በምትናገረው ላይ አይሁን። የሰማውን ቃል ሊመዝን የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተናጋሪው ወንድ ነው ወይስ ሴት ብሎ መጠየቁን ይተው።