ኢትዮጵያ ሺህ ዓመት አልተኛችም

እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ኤድዋርድ ጊበን፣ በ1788 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ቅጽ፣ ኢትዮጵያውያን በሃይማኖታቸው ጠላቶች ተከብበው ዓለምን ረስተው ሺህ ዓመት ያህል ተኝተዋል ሲል ጻፈ። አባባሉ ዛሬም ይጠቀሳል፤ ስህተት ግን ነው። ከበቡ የተባሉት ሙስሊም ግዛቶች የንግዱን በር ከፍተው የያዙ ነበሩ።

ጊንጪ አቅራቢያ የሚፈልቀው አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ ይቀራል፤ የቅፍለት ሸቀጥ ግን ሸለቆውን ተሻግሮ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር። መስመሩን የያዘው በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት የጠቀለለው የሙስሊሙ ይፋት ወላስማ ሥርወ መንግሥት ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዓረባዊ ጸሐፊ አል ዑመሪ እንደመዘገበው፣ ይፋት ውስጥ የሚገበያዩት በግብፅ ዲናርና ድርሃም ነበር። የተኛ አገር የካይሮ ገንዘብ ምን ያደርግለታል?

ጦርነቱ አይካድም፤ አፄ አምደ ጽዮን ይፋትን በኃይል አስገብረዋል። ይሁንና የክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት ንግድም በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር።

መጻሕፍትም በሙስሊሙ ዓለም በኩል ገቡ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የቶሌዶ ሊቃውንት ከዓረብኛ ወደ ላቲን እንደመለሱት ሁሉ፣ የኢትዮጵያ ሊቃውንትም ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ይመልሱ ነበር። የሕግ መጽሐፉ ፍትሐ ነገሥት ራሱ በሙስሊም ገዢዎች ሥር በነበረችው ግብፅ በዓረብኛ የተጠናቀረ ነው። የመን ተወልደው ክርስትናን የተቀበሉት እጨጌ ዕንባቆም ደግሞ፣ ኢማም አሕመድ (ግራኝ) በክርስቲያኑ መንግሥት ላይ የከፈተው ጦርነት ሳያበቃ፣ «አንቀጸ አሚን» የተሰኘውን መጽሐፍ ከቁርኣን እየጠቀሱ ለኢማሙ ጽፈዋል።