የልዩ ፍላጎት ትምህርትና የወረዳዎች የሥራ ማስኬጃ በጀት

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ዜጎች እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ አመልክቷል። በ1998 ዓ.ም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ተዘጋጅቶ በ2004 ዓ.ም ተሻሽሏል። የአካል ጉዳተኞችን መብቶች የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በ2002 ዓ.ም ጸድቋል። በሰነድ ረገድ ጉድለት አለ ለማለት ያስቸግራል። ጉድለቱ የሚታየው በጀት ሲደለደል ነው።

ኦሮሚያን ጨምሮ በአራት ክልሎች ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ ወረዳዎች በጥቅል ድጎማ የሚያገኙትን ገንዘብ ራሳቸው ይደለድላሉ። ከትምህርት ዘርፉ መደበኛ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። ደመወዝ ስለማይነካ፣ እጥረት ሲያጋጥም የሚቀነሰው ከሥራ ማስኬጃው ነው። ቅነሳው በወረቀት ላይ ለሁሉም ትምህርት ቤት እኩል ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ማየት የተሳነው ተማሪ የሚማርበት የብሬይል ወረቀት፣ የምልክት ቋንቋ ሥልጠናና የተመላላሽ መምህሩ የትራንስፖርት ወጪ የሚሸፈኑት ከዚሁ በጀት ነው። ለሌላው ተማሪ ጠመኔ ቢያንስ ትምህርቱ ይቀጥላል፤ ለዚህኛው ብሬይል ቢያልቅ መጻፊያው አለቀ ማለት ነው።

የግብዓት ማዕከላት አሠራር ይህንኑ በግልጽ ያሳያል። በአሠራሩ መሠረት በአንድ ትምህርት ቤት የሚቋቋም ማዕከል በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶችንም በተመላላሽ መምህር ያገለግላል። ማዕከሉ መቱ ቢሆንና ተማሪው ኡካ ወይም ጎሬ አካባቢ ቢኖር፣ የነዳጅና የውሎ አበል ገንዘብ ካልተያዘ መምህሩ ደመወዙን እየተቀበለ ከማዕከሉ ሳይወጣ ይከርማል። የኢሉ አባቦር ዝናብ ረጅም መሆኑም ጉዞውን ያከብደዋል። በዚህ ጊዜ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በርካታ ተማሪዎችን በአንድ ክፍል በያዘው መደበኛ መምህር ላይ ነው። በዞኑ የማስተማሪያ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑም ከሌላ አካባቢ የሚገኝ የአማርኛ ብሬይል መጽሐፍ ክፍተቱን አይሞላም።

በ2001 ዓ.ም የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች ያስገኘው ድጎማ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ነበር። ስሌቱ ለአሠራር ቢመችም፣ ጥቂት ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎችን የያዘ ትምህርት ቤት ያለበትን ተጨማሪ ወጪ በራሱ አያሳይም። የአጋሮች ገንዘብም ቢሆን ጊዜያዊ ነው፤ በ2017 ዓ.ም የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ተራድኦ ድርጅት ሥራውን ሲያቋርጥ ይህ በተግባር ታይቷል።

የወረዳ ፋይናንስና ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የልዩ ፍላጎት ትምህርትን ወጪ ከጠቅላላው ሥራ ማስኬጃ ለይተው በራሱ ርዕስ ቢይዙት፣ ቢያንስ ምን ያህል እንደተቀነሰ በምክር ቤት ይታያል። አሁን ባለው አሠራር ግን ቅነሳው ከጽሕፈት መሣሪያና ከነዳጅ ጋር ተደምሮ ስለሚቀርብ፣ የሚያጸድቀው አካል የማንን ትምህርት እንደሚያቋርጥ ሳያውቅ ያጸድቀዋል።