የቦይዚ እንጀራ የተሰረቀ እንጀራ አይደለም

ሰሞኑን ስልካችን ላይ አንዲት ፎቶ እየተመላለሰች ነው። የጤፍ ዱቄት ከረጢት ናት፤ ከላይዋ አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ መመረቷ ተጽፏል። ከሥሯ ያው የለመድነው ዘፈን ነው፦ «ጤፋችንን ሰረቁን፣ እንዳትገዙ!» ፎቶዋን ከሚያዞሩት መካከል በሞያሌ በኩል ጤፍና ሽሮ እየነገዱ ልጅ የሚያሳድጉ የራሳችን ሰዎች ባይኖሩበት ዝም ብለን ባለፍናት። ግን አሉበት። ስለዚህ እንነጋገር።

መጀመሪያ ሌባ ስለተባለው ሰው። ዌይን ካርልሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ እንጀራ ለመደ። አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1980ዎቹ ካልድዌል በምትባል የአይዳሆ ከተማ አካባቢ ጤፍ ዘራ። አካባቢው ዝናብ የሚያጥረው፣ በመስኖ የሚለማ የስኔክ ወንዝ ሸለቆ ነው። ገበያ የሆኑለት ደግሞ በስንዴና ባገኙት ዱቄት ሁሉ እንጀራ ለመጋገር ሲታገሉ የኖሩ የእኛው ስደተኞች ናቸው። እኛ ያላደረስንላቸውን እሱ አደረሰላቸው። ይህ ስርቆት ከተባለ እንግዲህ የሰረቀውን የበላው የገዛ ዘመዳችን ነው።

ከካልድዌል ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ምሥራቅ ቢነዱ የግዛቱ ዋና ከተማ ቦይዚ ይገኛል፣ ከተራራ ግርጌ። የቦይዚ ሰው «የአገራችን ምግብ» የሚለውን ስሙና ፍረዱ። አንደኛ ድንች ነው፤ የመኪና ታርጋቸው ሳይቀር ድንች ያስተዋውቃል። ድንች ግን ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች የመጣ ነው። ሁለተኛው የባስኮች ምግብ ነው። ባስክ ማለት ስፔንና ፈረንሳይ ለሁለት የተካፈሉት፣ እንደ እኛ ድንበር መሐል ለመሐል ያለፈበት ሕዝብ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወደዚያ ተሰድደው በግ ጠባቂ ሆኑ። ከተራራ ሲወርዱ የሚያርፉት የራሳቸው ሰዎች በከፈቱት ማረፊያ ቤት ነበር። እዚያ በረጅም ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ከአንድ ሳህን እየተቀባበሉ ይበሉ ነበር። ዛሬ መሐል ቦይዚ ውስጥ በእነሱ ስም የሚጠራ ሰፈር አለ። ቋሊማቸውና የበግ ወጣቸው የከተማው ኩራት ሆኗል። ባስኮቹ «ምግባችንን ወሰዱብን» ብለው አላለቀሱም፤ ምግብ ቤት ከፍተው ሸጡት እንጂ።

አንዲት ባልደረባችን አምና እኅቷን ልትጠይቅ እዚያው ሄዳ ነበር። ከእኛ ሰዎች አንዱ ምግብ ቤት ገብታ በላች። የምግብ ዝርዝሩ ላይ «ጤፋችን በቀጥታ ከኢትዮጵያ» የሚል ተጽፏል። ነጋዴ ናትና ዓይኗ አላረፈም፤ ጓዳው በር ላይ የተደረደረው ከረጢት የአይዳሆ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የዚሁ አገር ጤፍ ነው» ብትላቸው ሰውዬው ሳቁ።

«የኔ ልጅ፣ ከአገር ቤት ሲባል ይጣፍጣቸዋል» አሏት።

እኛን የሚያበሳጨን ይሄ ነው እንጂ ገበሬው አይደለም። በዚያ ከተማ «እዚሁ ሸለቆ የበቀለ» ለሚል ምግብ ጨምሮ የሚከፍል በላተኛ ሞልቷል። ሰውዬው ይህን የመሰለ እውነት ከበር ላይ አስቀምጠው ውሸት ይሸጣሉ። እኛ ደግሞ ያልላክነው ጤፍ በስማችን ይበላል፤ የመረረ ቀን ስማችን ነው የሚጠፋው። አይዳሆ ከሆነ አይዳሆ ብለው ይጻፉ!

«ጤፍ ግን የእኛ ነው» ለምትሉ፣ እስቲ ወደ ጓዳችን እንግባ። በርበሬ የማን ነው? ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ከአሜሪካ አህጉር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ያለ እሱ ዶሮ ወጥ የሚሠራ ካለ ይንገረን። የናይሮቢ ደንበኞቻችንስ ኡጋሊ? በቆሎውም ከዚያው ነው የመጣው። ሜክሲኮዎች ተነሥተው በርበሬያችንን መልሱ ቢሉን ምን ልንል ነው?

ሌባ ለመጥራት ካማረን ሌላ ቦታ እንፈልግ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄትን በፓተንት የራሱ አድርጎ አስመዝግቦ ነበር፤ ሌላው እንዳይነካው ማለት ነው። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ አደረገበት። መዝራትና ማጠር አይምታታብን።

ወደ ራሳችን ቁስል እንምጣ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2006 ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ። ምክንያቱ እናውቃለን፤ የከተማ ድሃ ጤፍ እንዳይወደድበት ነው። ይህን ምክንያት አናጣጥለውም፤ እኛም እናቶቻችን አዲስ አበባ ናቸው። ግን ተወደደ። በ2023 ኩንታሉ ከ10 ሺህ ብር አለፈ። የተጋገረ እንጀራ በአውሮፕላን ወደ አሜሪካና ወደ አረብ አገር ይሄዳል፣ በሕግ። ትልልቅ ባለእርሻዎችም ከ2015 ወዲህ በዱቄት መልክ የሚልኩበት በር በጠባቡ ተከፍቶላቸዋል። አንድ ጆንያ ተሸክማ ሞያሌ የምትደርሰው ሴት ግን ኮንትሮባንዲስት ናት፤ ኬላ ላይ ትወረሳለች። እኛ ኬላ ለኬላ ስንሸሽ አይዳሆ ያለው ገበሬ ሲዘራ፣ ሲያበጥር፣ በከረጢት ሲያሽግ ከረመ። ገበያውን የነጠቀን እሱ አይደለም፤ ባዶ ሆኖ ነው ያገኘው።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር፣ የሚቆጣ ይቆጣ። ያ ከረጢት አሸዋ የለበትም። ከእኛ ጆንያ አሸዋና ጠጠር ያበጠረች፣ ማኛ ተብላ ሰርገኛ የተሸጠላት የናይሮቢ ደንበኛ ታውቀናለች። «አትግዙ» ከማለታችን በፊት ወንፊታችንን ብናጠብቅ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ፎቶ ማዞሩን ትተን አንድ ነገር በአንድ ድምፅ እንጠይቅ፦ ለአነስተኛ ድንበር ተሻጋሪ ነጋዴ በወር ይህን ያህል ኪሎ ተብሎ የተወሰነ፣ ደረሰኝ ያለው፣ የጤፍ መውጫ ይፈቀድ።

የቦይዚዋ እኅት ባለፈው ሳምንት ደውላ ነበር። ባልደረባችን ለወንድሟ መንገደኛ ጓደኛ ጥቂት ነጭ ጤፍ ጨምራ ልትልክላት አስባ ኖሯል። «ጤፉን ተዪው፣ እዚህ በሽበሽ ነው» አለቻት። «ሻንጣው ላይ ቦታ ካለ ኮረሪማና ኮሰረት አድርጊልኝ። ኮረሪማው ሳይፈለፈል፣ ከነልጣጩ።»