ርካሹ ጉዞ ከማን ኪስ?

ማታ ሦስት ሰዓት፣ ዝናብ፣ አዲስ አበባ፣ መገናኛ። የታክሲ መተግበሪያው ዋጋውን አሳይቷል፤ መኪናውም ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል ይላል። ከዚያ ሾፌሩ ይደውላል፦ «ወዴት ነው? ስንት ይላል?» መልሱ ካልጣመው ጥሪው ይሰረዛል፤ ወይም «ትንሽ ይጨምሩበት» ይከተላል። ከሰማያዊዎቹ ላዳዎች ጋር የነበረው ክርክር ወደ ስልክ ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

ሾፌሩን ብቻ መውቀስ ግን አግባብ አይደለም። ነዳጅ ሲጨምር ጭማሪው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ተሳፋሪ ለማንሳት በባዶ የሚነዳውን መንገድ የሚሸፍንለት የለም፤ ለመተግበሪያው ባለቤትም ይከፍላል። «ርካሽ» ተብሎ የሚተዋወቀው ዋጋ ከሾፌሩ ኪስ የወጣ ነው። እንግዲያው መድረሻውና ግምታዊ ሂሳቡ ጥሪውን ከመቀበሉ በፊት ይታየው፤ ተቀብሎ የሚሰርዝ ይጠየቅ፤ ታሪፉም የነዳጅ ዋጋ በተከለሰ ቁጥር ይከለስ።

የርካሽ ጉዞ ዋጋ በሌላ ሰው ላይ ማረፉ በታክሲ ብቻ አያበቃም፤ የከተማዋ የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር ስላመጣ ነገ የኪራይ ስኩተር መምጣቱ አይቀርም። ፓሪስ የኪራይ ስኩተሮችን እ.ኤ.አ. በ2023 በሕዝብ ድምፅ ያስወጣችው አደጋው ስለበዛና የእግረኛ መንገዱ ላይ እንደ ልብ ስለሚጣሉ ነበር። የእኛ እግረኛ መንገድ ደግሞ ከወዲሁ ጉሊትና የቆመ መኪና አለበት። ስለዚህ የትራንስፖርት ቢሮው ማቆሚያውን ከፈቃዱ ያስቀድም።