የመጽሐፍ መደርደሪያው ሁለቱንም ይያዝ

ትምህርት ቤቶችና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ሲያጥራቸው ‹‹ለሚጠቅመው መጽሐፍ ቅድሚያ እንስጥ›› የሚል ሐሳብ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ከግዢ ዝርዝሩ ቀድሞ የሚሰረዘው ልብ ወለድ ነው። ይህ አካሄድ አንባቢን ይጎዳል። ለምሳሌ ደራሲው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው ‹‹መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር›› የሀገር ድህነት ከንግድ፣ ከዕውቀትና ከአስተዳደር ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር በምክንያት ያስረዳል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› ደግሞ የመደብና የዘር ሐረግ ልዩነት የሰውን ሕይወት እንዴት እንደሚሰብር በፍቅረኞቹ በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ዕጣ ያሳያል። አንዱ የችግሩን ሥር ይመረምራል፤ ሌላው ሕመሙን ያሰማል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ግማሹን ያጣል።

‹‹ልብ ወለድ ፈጠራ ነው፤ ምን ዕውቀት ይገኝበታል?›› የሚሉ አሉ። በርግጥ ዘመንንና አኃዝን ለማጣራት የታሪክ መጽሐፍ ይቅደም። ሆኖም በሌላ ሰው ቦታ ሆኖ ማሰብን የሚያለማምድ፣ ቋንቋን የሚያበለጽግና ጀማሪውን ከንባብ ጋር የሚያስተሳስር ጥሩ ልብ ወለድ ነው፤ ዛሬ በልብ ወለድ የተሳበ ወጣት ነገ የታሪክና የኢኮኖሚ መጻሕፍትን ለማንሣት አይፈራም። የገንዘብ እጥረቱ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን አንዱን ዘርፍ መዝጋት ሳይሆን ከየዘርፉ ጥቂት፣ ግን የተመረጡ መጻሕፍትን መግዛት ነው። ግዢውን የሚወስኑ ኃላፊዎች አንባቢዎችንና መምህራንን አማክረው መደርደሪያውን ሚዛናዊ ሊያደርጉት ይገባል።