የአገር ልጅ እና የሰፈር እድር

አዲስ አበባ ውስጥ አንድን ሰው "አገርህ የት ነው?" ብትሉት ጎንደር፣ ጅማ፣ ወላይታ ወይም አድዋ ይላችኋል። ያንኑ ሰው ዱባይ ላይ አግኝታችሁ ያንኑ ጥያቄ ብታቀርቡለት "ኢትዮጵያ" ይላል። በሁለቱም ቦታ እውነቱን ነው የተናገረው። በአማርኛ "አገር" ማለት መንደርም ነው፣ መላው ኢትዮጵያም ነው። ቃሉ ሰውየው እንደቆመበት ቦታ ይሰፋል፣ ይጠብባል።

አንዳንድ ሰዎች መከራችን ሁሉ የመጣው ቃሉ ስለጠበበ ነው ይላሉ። "የመንደር ፍቅር ይቅር፣ የአገር ፍቅር ይምጣ" የሚለውን ስብከት ሰምታችሁታል። እኔ በዚህ አልስማማም። እናቱ የቀበረችበትን እትብት፣ ውሃ የቀዳበትን ወንዝ የማይወድ ሰው ካርታ ላይ ያለን ትልቅ አገር ከልቡ ይወዳል ብዬ አላምንም። ጥያቄው ሌላ ነው። ከተወለደበት ወጥቶ በሌላ ክልል የሚኖር ሰው በትውልድ ቦታው ሲኮራ፣ ኩራቱ ለማን ምን ያደርጋል? በኔ እምነት የዚህ ኩራት መለኪያው ሁለት ነው። አንደኛው በምንኖርበት ቦታ የምንከፍለው ዕዳ ነው። ሁለተኛው ወደ ትውልድ ቦታችን ለመጣው እንግዳ የምንፈቅድለት መብት ነው። ስለ አገራችን ልጅነት የምንዘፍነውና የምንፎክረው ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ ይምጣ።

መጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። አንድ ወጣት ከገጠር ተነስቶ አውቶቡስ ተራ ሲወርድ የሚቀበለው የመንግሥት ቢሮ የለም። የሚቀበለው ያገሩ ልጅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች የሚያድረው እሱ ቤት መሬት ላይ ነው። የሊስትሮ ሳጥን የሚያውሰው፣ ሥራ የሚያለማምደው፣ ዋስ የሚሆነው፣ እቁብ የሚያስገባው እሱ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳን የሸማ ገበያ ያደረጉት፣ የጉራጌ ነጋዴዎች መርካቶን የገነቡት ማንም ብድርና ሥልጠና አመቻችቶላቸው አይደለም። የቀደመው የኋለኛውን እየሳበ ነው። የአገር ልጅነት ለድሃ ስደተኛ ባንክም፣ ትምህርት ቤትም፣ ኢንሹራንስም ሆኖለታል።

ከዚህ ያለፈም ሠርቷል። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ወደ ትውልድ ቦታቸው መንገድ ለማውጣት ተደራጅተው ነበር። ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ የሚዘረጋውን መንገድ ለማሠራትም እንዲሁ ማኅበር ተቋቁሟል። ሊስትሮውም፣ ነጋዴውም፣ መኮንኑም እንደ አቅሙ አዋጣ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያ መንገድ ሲሠራ የሚሄድበትን ሰው "የማን ዘር ነህ?" ብሎ አልጠየቀም። የተሠራው በአገር ልጅ ኩራት ነው፣ የተሄደበት ግን በሁሉም ነው። ዛሬም ለመስቀል መርካቶ ሱቁን ዘግቶ ወደ ጉራጌ ሲተም የምናየው ያንኑ የማይቆረጥ ገመድ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ያው በር ከውስጥ ሊዘጋም ይችላል። መጀመሪያ አዲሱን መጪ ለማስጠጋት የተፈጠረው ትስስር ውሎ አድሮ ሌላውን ማስወጫ ይሆናል። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ይቀየራል፣ በዓመቱ ከጥበቃው እስከ ገንዘብ ያዡ ያንድ ወረዳ ሰው ይሆናል። ቤት አከራዩ ከኪራዩ በፊት ትውልድ ይጠይቃል። "የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ" የሚለው ተረት ለሁሉም ነገር ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ድሃውን ያገሩን ልጅ መደገፍ አንድ ነገር ነው። የሕዝብ ወንበር ይዞ ያገሩን ልጅ መሾም ግን በሌላ ሰው ኪስ መቸር ነው።

ወደ እድር ልውሰዳችሁ። ከሌላ አካባቢ መጥተው አዲስ አበባ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ የከተሙ ብዙ ቤተሰቦች ሁለት እድር አላቸው። አንዱ ያገር ልጆች እድር ነው፣ ሌላው የሰፈር እድር ነው። ያገር ልጆች እድር በቋንቋችን ያስለቅሳል፣ በወጋችን ያጽናናል፣ አስከሬን ወደ ትውልድ ቦታ መሄድ ካለበትም ያደርሳል። ክብሩ ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጩኸት ሲሰማ መጀመሪያ የሚደርሰው ማን ነው? ድንኳን የሚተክለው፣ አግዳሚ ወንበር የሚያወጣው፣ ብረት ድስት የሚጥደው ማን ነው? አጥሩን የሚጋራው ጎረቤት ነው። እሱ ኦሮሞ ሊሆን ይችላል፣ አማራ ሊሆን ይችላል፣ ሲዳማ ወይም ትግሬ ሊሆን ይችላል። ጩኸት ሰምቶ ሲወጣ ስለዚያ አላሰበም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ብዙዎቻችን ለሰፈር እድር ወርሃዊ መዋጮ እየከፈልን፣ ልባችን ግን እዚያ ሰፈር ውስጥ የለም። "እኔ እዚህ የመጣሁት ለሥራ ነው" የሚል ሰው ታውቃላችሁ። ይህን ካለ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ሦስት ልጆች እዚሁ ወልዷል፣ ወላጆቹን እዚሁ አስታሟል። የሰፈሩ ቦይ ሲደፈን ግን "የነሱ ጉዳይ ነው" ይላል። ለትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ አይሄድም። የሚኖርበትን ሕዝብ ቋንቋ ከገበያ ዋጋ አልፎ አልተማረም። ትውልድ ቦታው ላይ ግን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርቷል። ቤቱ ተቆልፎ፣ ዘበኛ እየጠበቀው፣ ዓመት እስከ ዓመት ማንም አይኖርበትም። ልጆቹ ያንን ቤት በስልክ ፎቶ ነው የሚያውቁት። ይህ ሰው ሁለት አገር ያለው ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር አንዱን በስም ይዟል፣ ሌላውን እንደ ማደሪያ ቤት ተከራይቷል።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን፣ ማለትም ወደ ባለ አገሩ እንምጣ። እንግዳው ራሱን እንደ እንግዳ የሚቆጥረው ሁልጊዜ በራሱ ስንፍና አይደለም። "መጤ"፣ "ሰፋሪ" እየተባለ ነባር መሆን የተከለከለም አለ።

በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሌሎችም አካባቢዎች ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋና ኢሉባቦር አሰፈረ። ብዙዎቹ ወደው አልሄዱም። በዚያን ጊዜ እዚያ የተወለደ ልጅ ዛሬ አርባ ዓመት አካባቢ ሆኖታል። ወሎን አያውቅም። የሚያውቀው ወንዝ የመተከልን ወንዝ ነው፣ የሚናፍቀው ዝናብም የዚያን ዝናብ ነው። "አገርህ የት ነው?" ቢባል ምን ይበል? በትውልድ ቦታው ቢኮራ "ያንተ አይደለም" ይባላል። ወሎ ቢሄድም የሚያውቀው ሰው የለም። ኩራቱን የሚያስቀምጥበት መሬት የተነፈገ ሰው እሱ ነው።

ሕጋችንም በዚህ ነገር ላይ ሁለት ልብ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና መኖሪያ የመምረጥ ነጻነትን፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል ሠርቶ የመኖር መብትን ይሰጣል። በሌላ በኩል የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት ሌሎች ሕዝቦች በክልሉ እንደሚኖሩ ተቀብሎ፣ "ባለቤት" ብሎ የሚዘረዝረው ግን አምስት ብሔረሰቦችን ነው። ይህ አንቀጽ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። ጉሙዝና በርታ በባርያ ፈንጋይ ሲታደኑ የኖሩ፣ መሬታቸውን ማንም እየመጣ ሲቆርሰው ያዩ ሕዝቦች ናቸው። ዋስትና ይገባቸዋል። ያም ሆኖ ባለቤትና ተከራይ ተብሎ በተከፈለ ቤት ውስጥ ነገር በከረረ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው ቃል "ውጣ" ነው። የባህልና የመሬት ዋስትና መስጠት ይቻላል። ጎረቤትን ዕድሜ ልኩን እንግዳ ማድረግ ግን ዋስትና አይሆንም።

ዋጋውን ከፍለነዋል። በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግጭት ምክንያት በአገር ውስጥ የተመዘገበው አዲስ መፈናቀል 2.9 ሚሊዮን ያህል ነበር። በዚያ ዓመት ከዓለም አንደኛ ነበርን። ጌዴኦና ጉጂ በአንድ ገበያ ሲገበያዩ፣ ሲጋቡ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ እዚያም ነበር "ወደ አገርህ ሂድ" የተባለው። በ2012 መጀመሪያ ደግሞ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በማንነታቸው ተለይተው ተጠቁ፣ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤተሰብ ተመለሱ። ያ ሁሉ ሲሆን ነገሩን ሲያቀጣጥሉ ከነበሩት ብዙዎቹ ከትውልድ ቦታቸው ከወጡ የቆዩ ሰዎች ነበሩ። ሩቅ ሆኖ በስልክ እሳት የሚጭር ሰው ጭሱ አያንቀውም።

ሌላ ዓይነት ኩራትም አይተናል። በመስከረም 2011 ቡራዩና አካባቢው ይኖሩ የነበሩ ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተጠቁ፣ ተገደሉ፣ ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ተቆጣ። በጥፋቱ እጃቸው በሌለበት ሰዎች ንብረት ላይ በቀል ሊወጣ ሆነ። የጋሞ ሽማግሌዎች ርጥብ ሣር ይዘው ወጡ፣ በገዛ ልጆቻቸው ፊት ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። እነዚህ አባቶች በቡራዩ የሞቱት ልጆቻቸው ነበሩ። ሐዘናቸው ከማንም አያንስም። ግን ደጃቸው የተጠጋውን እንግዳ በሌላ ቦታ ለተሠራ ጥፋት መያዣ ማድረግን ነውር አሉት። ጋሞ ነኝ ብሎ መኩራት ከዚያች ቀን ወዲያ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ድሬዳዋንም አንርሳ። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ከተማው ተቆረቆረ። የከተመውም ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ነው። የድሬ ልጅ ግን "ድሬ" ሲል ደረቱ ይነፋል። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ ወሬ ውስጥ ያስገባል፣ አያቱ ከየት እንደመጡ ሳይጠየቅ "ያገሬ ልጅ" ይባባላል። ፖለቲካው እዚያም ገብቶ 40፣ 40፣ 20 በሚል ቀመር ሥልጣኑን በትውልድ ሐረግ ከፋፍሎታል። ሰዉ በከተማው ይኮራል፣ ወንበሩ ግን አያቱን ይጠይቃል። እንዲያም ሆኖ ድሬዳዋ አንድ ነገር አስተምራናለች፤ ሰው ባልተወለዱ አባቶቹ ከተማ ባለ አገር መሆን ይችላል።

በውጭ ላላችሁ ተከታታዮችም አንድ ቃል። ሎስ አንጀለስ ላይ አንድ ሠፈር በ2002 እ.ኤ.አ. "ትንሿ ኢትዮጵያ" ተብሎ ሲሰየም ተደስተናል። ትክክል ነው፣ ያስደስታል። ቋንቋችንን ይዘን፣ እንጀራችንን ጋግረን፣ በሰው አገር ዜጋ መሆን መብታችን ነው ብለናል። እንግዲህ ይህንን መብት ለራሱ የሚጠይቅ ሰው፣ በተወለደበት ከተማ ከሌላ ክልል የመጣ ሰው ሱቅ ሲከፍት ወይም በቋንቋው ታፔላ ሲሰቅል ለምን ይቆጣል?

መፍትሔው ከባድ አይደለም ለማለት አልደፍርም። የመንግሥት ድርሻ አለ፤ ከሁሉ በፊት የሰውን ሕይወት መጠበቅ አለበት። የፋይዳ መታወቂያ ብሔር አለመጠየቁን እንደ መልካም ጅምር እወስደዋለሁ። የቀረው የኛ ነው። ያገር ልጆች ማኅበር ያለው ሰው ማኅበሩ ለትውልድ ቦታው ከሚያዋጣው ላይ ለሚኖርበት ሰፈር ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያም ድርሻ ያውጣ። ልጁን ያያቱንም፣ የጎረቤቱንም ቋንቋ ያስተምር። ትውልድ ቦታው ላይ በእንግዳ ላይ ክፉ ሲታሰብ ደግሞ ስልኩን አንስቶ "በኔ ስም አይሆንም" ይበል። ከተማ ላይ ያለ ያገር ልጅ ቃሉ ገጠር ላይ ይሰማል፤ ብር ስለሚልክ ብቻ እንኳ ይሰማል።

በትውልድ ቦታችን እንኩራ። የተወለድንበትን መርጠን አልመጣንም፤ የምንኖርበትን ግን አብዛኞቻችን መርጠናል። የምንቀበረውም በጎረቤት ትከሻ ነው።