ገደብ መሰላል ነው ወይስ ወጥመድ? መልሱ ያለው አለቃው ጋ ነው

ሚክ ሚልን የማያውቅ የዚህ ገጽ አንባቢ ብዙ አይመስለኝም። የፊላደልፊያው ራፐር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ከሁለት እስከ አራት ዓመት እስር ሲፈረድበት፣ ዜናውን በስልካችን ያየን ብዙዎች “ምን አድርጎ ነው?” ብለን ነበር። አልገደለም፣ አልዘረፈም። በ19 ዓመቱ የተያዘበት የመሣሪያና የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ አሥር ዓመት ሙሉ ሲከተለው ቆየ። ኒውዮርክ ውስጥ ሞተር ሳይክል በአንድ ጎማ መንዳቱና አየር ማረፊያ ውስጥ የገባበት ጠብ በዚያ ላይ ተደመሩ፤ “የፕሮቤሽን ግዴታህን ጥሰሃል” ተባለና ገባ።

ፕሮቤሽን ከእኛው “ገደብ” ጋር ይቀራረባል። ጥፋተኛ ከተባልክ በኋላ እስር ቤት ሳትገባ ውጭ ትኖራለህ፤ ግን ክትትል አለብህ። ቀጠሮ ታከብራለህ፣ ያለፈቃድ ከተማ አትለቅም፣ ሽንትህ ይመረመራል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ የሚኖረው ሰው ወደ 3 ሚሊዮን ይጠጋል። እስር ቤት ካለው ሕዝብ ይበልጣል ማለት ነው።

የሚክ ሚልን ዕጣ የወሰኑት ዳኛዋ ናቸው፤ ዐቃቤ ሕጉም ሆነ ተቆጣጣሪዋ እንዲታሰር አልጠየቁም ነበር። ስም የሌለው የሰፈር ልጅ ግን ጉዳዩ ዳኛ ፊት ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ጠረጴዛ አለ። ቀጠሮ ሲያሳልፍ ተቆጣጣሪው ስልክ ደውሎ “ምን ሆንክ?” ሊለው ይችላል፣ ወይም “ግዴታውን ጥሷል” ብሎ ለፍርድ ቤት ሊጽፍበት ይችላል። ተቆጣጣሪው የትኛውን ይመርጣል? ብዙ ጊዜ አለቃው የሚወድለትን ነው። ለዚህ ነው የመምሪያው ኃላፊ ማንነት የቢሮ ወሬ ብቻ የማይሆነው።

ኒውዮርክን እንውሰድ። እዚያ የፕሮቤሽን መምሪያ የከተማው አስተዳደር አካል ነው፤ ኮሚሽነሩን የሚሾመው ከንቲባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቪንሰንት ሺራልዲ ተሾመ። ሰውየው ከፖሊስ ቤት አልመጣም፤ ስሙ የሚታወቀው ወጣቶችን ከእስር ለማስቀረት በመሟገት ነው። ሥራውን ከመሃል ከተማ ቢሮ አውጥቶ ወደ ሰፈር ወሰደው። ብራውንስቪል፣ ሳውዝ ብሮንክስ፣ ሃርለም በመሳሰሉ ሰፈሮች “ኒኦን” የሚባሉ ማዕከሎች ተከፈቱ። ልጁ ለቀጠሮ ሲመጣ እዚያው ስለ ሥራ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤና የሚያናግረው ሰው ያገኛል። በ2014 የተተኩት አና ቤርሙዴስም ያንኑ መንገድ ገፉበት፤ በእሳቸው ጊዜ በማዕከሎቹ ለሰፈሩ ነዋሪ ሁሉ ምግብ የሚሰጥበት ቦታ ጭምር ተጀመረ።

እኔን ከሁሉም የገረመኝ “አርችስ” የተባለው ፕሮግራም ነው። ከ16 እስከ 24 ዓመት ያሉ ልጆችን የሚመክሩት ራሳቸው ታስረው የወጡና ሕይወታቸውን የለወጡ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። “ልጅን ለወንጀለኛ መስጠት” የሚል ሰው አይጠፋም። ኧርባን ኢንስቲትዩት የተባለው የጥናት ተቋም በ2018 ያወጣው ግምገማ ግን ሌላ ነገር ይላል። በፕሮግራሙ ያለፉት፣ ካላለፉት መሰሎቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በመጀመሪያው ዓመት በከባድ ወንጀል ዳግም የመፈረድ መጠናቸው በ69 በመቶ ያነሰ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ደግሞ በ57 በመቶ።

በ2023 ከንቲባ ኤሪክ አዳምስ ኮሚሽነር ያደረጓቸው ጁዋኒታ ሆምስ ደግሞ የመጡት ከፖሊስ ነው፤ ትልቅ ስም ያላቸው መኮንን ነበሩ። በዚያው ዓመት በመንግሥት ቤቶች የሚኖሩ ወጣቶችን የሚያማክረው “ኔክስት ስቴፕስ” የተባለ ፕሮግራም ተዘጋ። ፖሊስ የነበረ ሰው ለሕዝብ ደኅንነት ቢጨነቅ አይወቀስም። ልብ በሉልኝ ግን፦ ከተማው ያው ነው፣ መምሪያውም ያው ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሲቀየር፣ የሚከፈተውና የሚዘጋው በርም ተቀየረ።

“ታዲያ እኛን ምን አገባን?” ትሉኝ ይሆናል። እኔን ያገባኝ በሰፈሬ ልጅ ምክንያት ነው። የታክሲ ረዳት ነበር። በአንድ ጠብ ተከሶ አንድ ዓመት ተፈረደበት፤ ፍርድ ቤቱ ግን የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው ብሎ በሁለት ዓመት ገደብ ለቀቀው። ያን ቀን ጠላ ተጠምቆ፣ ተጨፍሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ጠየቀው? ማንም። አንድ ቀን እንኳ “እንዴት ነህ፣ ሥራ አገኘህ ወይ?” ብሎ የደወለለት የመንግሥት ሰው የለም። ሹፍርና ሊቀጠር ሄዶ አሻራ አምጣ ሲሉት ተመለሰ። በሃያኛው ወር ሌላ ጠብ ውስጥ ገባ፤ የቆየው ቅጣት ከአዲሱ ጋር መጣበት። እናቱ “ልጄን የለቀቁት ሊጠብቁት መስሎኝ ነበር” ሲሉ ሰምቻለሁ።

ችግሩ የሕግ እጥረት ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ገደብን በሚገባ ያውቃል። የፈተናው ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት እንዲሆን ይደነግጋል፤ ዳኛው ከገደቡ ጋር ልጁ ሊጠብቃቸው የሚገቡ የጠባይ ግዴታዎችን እንዲያዝ ይፈቅዳል። የታሰረም ሰው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲጨርስ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል። ወረቀቱ አለ። በእኔ ሰፈር ያላየሁት፣ ያን ወረቀት ይዞ የልጁን በር የሚያንኳኳ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ቢሮ በየክፍለ ከተማው ይቋቋም ቢባል በሁለት እጄ እደግፋለሁ። ግን እፈራለሁም። የአሜሪካው ታሪክ የሚያስተምረው፣ ክትትል በራሱ መድኃኒት አለመሆኑን ነው። ራሱ ሺራልዲ ከዓመታት በኋላ፣ በ2023 ባወጣው መጽሐፍ፣ ፕሮቤሽን ብዙ ጊዜ ሰውን መልሶ ወደ እስር የሚያስገባ በር ሆኗል ብሎ ተከራክሯል። ቢሮውን የመራ ሰው እንዲህ ሲል መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ነገ አንድ ኃላፊ “የማኅበረሰብ ክትትል መምሪያ” ተብሎ ቢሾምልን፣ እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርትህ ላይ የምትቆጥረው ምንድን ነው? ስንት ሰው ቀጠሮ አሳለፈ፣ ስንቱን መልሰን አስገባን ብሎ የሚቆጥር ከሆነ፣ ሠራተኞቹ ልጆቹን ሲያድኑ ሳይሆን ሲያድኗቸው ይውላሉ፤ ሁለተኛውን “ድ” አጥብቃችሁ አንብቡት፣ እንደ አዳኝና እንደ ሚዳቋ። ስንት ልጅ ሥራ ያዘ፣ ስንቱ ገደቡን በሰላም ጨረሰ ብሎ የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው ስልክ ማንሳት ይለምዳል።

የሰፈሬ ልጅ አሁን ውስጥ ነው። ሲወጣ 26 ዓመቱ ይሆናል። ያን ቀንም ጠላ ይጠመቅ ይሆናል፤ እኔ የሚያሳስበኝ ግን የማግስቱ ጠዋት ነው።